በወፍጮ መዶሻ ላይ ያለበስኩት ጠንካራ ብየዳ ተገነጠለ፤ ምክንያቱን የምታውቁ ንገሩኝ

የተክልዬ በያጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ብየዳ ነው። ሱቄ ከተክለሃይማኖት አደባባይ ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው በኩል ውስጥ ለውስጥ ነው ያለችው። ዘጠኝ ዓመት በር፣ መስኮት፣ አጥርና ደረጃ ስሠራ ኖሬያለሁ። በዚያ አልታማም። አሁን የምጠይቃችሁ ግን ከለመድኩት ውጭ ስለሆነ ሥራ ነው። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ደንበኛ ከቢሾፍቱ መጣ። የዶሮ መኖ ያዘጋጃል። በቆሎውን፣ የኑግ ፋጉሎውን፣ የኖራ ድንጋዩን ሁሉ በአንድ ወፍጮ ነው የሚፈጨው። ወፍጮው የድንጋይ አይደለም። ውስጡ ጠፍጣፋ ብረቶች በፍጥነት ይሽከረከራሉ። እህሉን እየመቱ ያደቅቁታል፤ የደቀቀው ከሥር ባለው ወንፊት ይወርዳል። መዶሻ የምንላቸው እነዚያን ብረቶች ነው። ብዛታቸው 24 ነው፤ በአራት ዘንግ ላይ ስድስት ስድስት ሆነው ተሰክተዋል።

ሲያመጣቸው ማዕዘናቸው ተበልቶ፣ ያለቀ ሳሙና መስሎ ነበር። እንዲህ የሚሆኑት በስድስት ሳምንት ነው አለኝ። «ጠንካራ ብየዳ አልብስልኝና ልገላገል» ሲለኝ እሺ አልኩት። ይህን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቼው እንደማላውቅ መጀመሪያ ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ፤ ምንም አልደብቅም። መርካቶ ሄጄ ለማልበሻ የሚሆን ኤሌክትሮድ ጠየቅኩ፤ ባለ 3.2 ሚሊ ሰጡኝ። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የገባኝ 60 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥንካሬው ነው አሉኝ። መዶሻዎቹን በግራይንደር አጸዳሁ። ኢንቨርተር የብየዳ ማሽኔን 150 አምፔር ላይ አድርጌ አራቱንም ማዕዘን ሦስት ሦስት ድርብ አለበስኩ። ሲበዛ የሚሻል መስሎኝ ነው። በዚያን ቀን መብራት ሄድ መጣ ይል ስለነበር ተቻኩያለሁ። ስለዚህ አንዱን ማዕዘን ስጨርስ፣ ቶሎ ይዤው ወደ ሌላው እንዳልፍ በርሜል ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ውሃ ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ «ጣ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ስላጉ፣ ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት፣ የሚረግፍ መስሎኝ አለፍኩት። ሲቀዘቅዝ ብየዳው ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አየሁ፤ በየጣት ስፋቱ አንድ አንድ። ፈራሁ። በመዶሻ መታ መታ ሳደርገው አልወደቀም፤ ሰጠሁት።

በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ከመዶሻዎቹ የአንዱ ማዕዘን ተገንጥሎ ወንፊቱን ቀዶታል። ሽፋኑ ዝግ ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወርጄ አየሁት። የተገነጠለው ብየዳው ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ይዞ ነው የወጣው። ስብራቱ የሸክላ ስብራት ይመስላል። መታጠፍ የለ፣ መሳብ የለ። ወንፊቱን በራሴ ገንዘብ አሠራሁለት። ሰውዬው አልተቆጣም። ዝም ብሎ ስብራቱን በጣቱ ይዳስስ ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ ስንጥቆቹ ናቸው? ኤሌክትሮዱ ነው? ወይስ አሠራሬ? የቀሩትን 23 መዶሻዎች አስመልሼ ሱቄ ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ። ሰውዬው ድጋሚ ሊያሠራኝ ፈቃደኛ ነው። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ አንዱንም አልነካም።

የአብነቱ መካኒክ፦

አይዞህ ወንድሜ። እኔ የምጠግነው ወፍጮ ነው። እንዲህ ያለ መዶሻ አንዱ ማዕዘን ሲያልቅ ይገለበጣል፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ላይና ታቹ ይለዋወጣል። እንደዚያ እየተደረገ አራቱም ማዕዘን ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ነው አለቀ ብሎ የሚጥለው። እኔ ብሆን ብየዳውን ትቼ አዲስ አስቆርጥ ነበር። ለመሆኑ መዶሻው ከምን ብረት እንደተሠራ ጠይቀኸዋል?

የተክልዬ በያጅ፦

አሁን ደውዬ ጠየቅኩት። ከምናለሽ ተራ ከተገዛ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው የተቆረጠው፤ የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት። ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ማገላበጡን ያውቃል፤ ስድስቱ ሳምንት ሁሉንም ማዕዘን ጨምሮ ነው።

ጡረታ የወጣ በያጅ፦

ባሌስትራ ካልክ ነገሩ ተፈታ።

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት በያጅ ነበርኩ። አብዛኛውን ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው የጨረስኩት፤ የዶዘር ምላጭ፣ የግሬደር ቢላ፣ የኤክስካቫተር ጥርስ ሳለብስ። አሁን ጎላ ሰፈር ቤቴ ተቀምጫለሁ። አንተ የሠራኸውን ስህተት እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፤ ስለዚህ በደንብ አውቀዋለሁ።

በር የምትሠራበት ብረት ለስላሳ ነው። ካርቦኑ ከ0.2 በመቶ ብዙም አያልፍ። በይደኸው ውሃ ብትደፋበት አይቀየምህም። ባሌስትራ ግን ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ብረቱን ሌላ ፍጥረት የሚያደርገው ግን እሱ ነው። አንጥረኛ ቢላውን አግሎ ለምን ይነክረዋል? እንዲጠጥር ነው። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው። ከብየዳው ሥር ያለው ብረት በእሳቱ ቀላ፤ ውሃ ውስጥ ስትከተው ጠጠረ። አንጥረኛው ግን ከነከረው በኋላ መልሶ በቀስታ ያሞቀዋል፤ ጥጥሬው ይለዝባል። አንተ አላሞቅከውም። ስለዚህ ብርጭቆ ሆኖ ቀረ። «ጣ» ሲል የሰማኸው ስላግ አይደለም። ብረቱ ሲሰነጠቅ ነው የሰማኸው።

ውሃውን ብትተወውም እንኳ ማምለጥህን እንጃ። ወፍራም ቀዝቃዛ ብረት ራሱ እንደ ውሃ ነው፤ የብየዳውን ሙቀት ምጥጥ አድርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ባሌስትራ ሳይሞቅ የማይበየደው።

ከላይ ያየሃቸው የፀጉር ስንጥቆች ግን ጥፋት አይደሉም። ክሮም የበዛበት ማልበሻ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መሳብ ስለማይችል እዚህም እዚያም ተሰንጥቆ ራሱን ያሳርፋል። እኛ እንዲያውም ካልተሰነጠቀ ነበር የምንጠራጠረው። አደጋው ስንጥቁ ወደ ታችኛው ብረት ሲወርድ ነው። ያንተ ታችኛው ብረት ጠጥሮ ነበርና መንገድ ሰጠው። ሦስት ድርብ መደረቡም ጎድቶሃል። እንዲህ ያለው ማልበሻ ሁለት ድርብ ይበቃዋል፤ ሲወፍር ራሱን ይገነጥላል። 150 አምፔሩም በዝቷል። እሳት ሲበዛ ታች ያለው ብረት ቀልጦ ከማልበሻው ጋር ይደባለቃል። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልክበትን ክሮም አቅጥነህ አስቀመጥከው ማለት ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። የድሮውን ብየዳ በግራይንደር እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ አውጣው። ከዚያ የከሰል ምድጃ አዘጋጅ። አንድ ጥግ ላይ ብረቱን ፍቀህ እንደ መስታወት አብራው፤ እሱ ቴርሞሜትርህ ነው። ከሰሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲሞቅ የተፋቀው ቦታ የገለባ ቀለም ይይዛል። ያኔ 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ሰማያዊ ከሆነ 300 ገደማ ገብቷልና ከእሳቱ አርቀው። የውሃ ጠብታም ጣል አድርግበት፤ ተንጫጭቶ ከመትነን ይልቅ እንደ ብይ እየተንከባለለ ከዘለለ ደህና ሞቋል። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደግኑት የነበረውን ቴርሞሜትር ይዘው የሚመጡ ልጆች አይቻለሁ። እሱ የሰው ገላ መለኪያ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።

በቀጥታ ማልበሻውን አታሳርፍበት። መጀመሪያ አንድ ድርብ በስቴንለስ ኤሌክትሮድ ጣል፤ 309 ወይም 312 የሚለውን። እኛ ካምፕ ውስጥ ፍራሽ ነበር የምንለው። እሱ ለስላሳና ተሳቢ ነው። ከላይ የሚመጣው ስንጥቅ እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከፍራሹ በላይ ሁለት ድርብ ማልበሻ፤ ለ3.2 ኤሌክትሮድ 110 አምፔር ሞክር። ኤሌክትሮዱን ፖዘቲቭ ላይ አድርግ፤ ፓኬቱ ሌላ ካላለህ በስተቀር። አጭር አጭር መስመር ሥራ። መሃል ላይ ከቀዘቀዘብህ ወደ ከሰሉ መልሰው። መብራት ከሄደም ከሰሉ ላይ አቆየው እንጂ መሬት ላይ አታስቀምጠው።

ስትጨርስ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው። እስኪነጋ አትንካው። ውሃ የሚባል ነገር ሱቅህ ውስጥ ለመጠጥ ብቻ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ነገ ሌላ ሥራ ይመጣልሃልና። ይህን ያልኩህን ሁሉ በማንጋኒዝ ብረት ላይ እንዳትሠራው። የድንጋይ መፍጫ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ነው የሚሠራው። ከ11 እስከ 14 በመቶ ማንጋኒዝ አለው። ሃድፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው በ1882 እ.ኤ.አ. ያገኘው። ሲመታ ይበልጥ የሚጠነክር ግሩም ብረት ነው፤ ግን ሙቀት አይወድም። ከ260 ዲግሪ በላይ ከቆየ ይሰባበራል። እሱን ሳታሞቅ፣ ጥቂት ጥቂት እየበየድክ፣ እያሳረፍክ ነው የምትሠራው። በምን ትለየዋለህ? በማግኔት። ከተሰበረ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አውጥተህ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ማንጋኒዝ ማግኔት አይይዝም። ባሌስትራ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ግራይንደር ስታስነካውም ባሌስትራ ብልጭታው ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ የበር ብረት ግን ረዥም ቀጭን መስመር ነው የሚተፋው። ሥራ ከመቀበልህ በፊት እነዚህን ሁለቱን ሞክር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መስመሩን እንዴት እንደምትጥልም ዕወቅ፤ እኔ ከዚህ ሥራ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የምታለብሰው የኤክስካቫተር ባልዲ ቢሆን፣ አሸዋ የሚዝቅ ከሆነ መስመሮቹን የአሸዋውን መንገድ አቋርጠህ አግድም ታሰምራለህ። አሸዋው በመስመሮቹ መሃል ይታሸግና ራሱ ለብረቱ ጋሻ ይሆነዋል። ድንጋይ ከሆነ ደግሞ በሚሄድበት አቅጣጫ ታሰምራለህ። ድንጋዩ በሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር መስመሮቹን ይዞ ይንሸራተታል፤ ብረቱን አይነክሰውም። ሁለቱም ከተቀላቀለ እንደ ወንፊት አራት ማዕዘን ታደርገዋለህ። በዚህ ብልሃት ግማሽ ኤሌክትሮድ ይተርፍልሃል፤ ሁሉን ቦታ መሸፈን አያስፈልግም።

የብረት መምህርት፦

ጋሼ የጻፉት በሙሉ ትክክል ነው። እኔ ቴክኒክና ሙያ ውስጥ ብየዳ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ነገ እንዲያነቡት ልኬላቸዋለሁ።

የተክልዬ ልጅ፣ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ሙሉውን ብትነግረን ጥሩ ነው። 60 ብቻውን በቂ አይደለም።

የተክልዬ በያጅ፦

ኢ 10-ዩኤም-60-ጂአር ይላል።

የብረት መምህርት፦

ጥሩ። ይህ የድሮው የጀርመን አጻጻፍ ነው፤ ዛሬም ብዙ ፓኬት ላይ አለ። መጀመሪያ ያለው 10 ካርቦኑም ክሮሙም የበዛበት ቤተሰብ ማለት ነው። ዩኤም ሽፋን ያለው የእጅ ኤሌክትሮድ ነው። 60 ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ የተለካ ጥንካሬው ነው። ጂ መፋቅን የሚቋቋም ማለት ነው። አሁን ልብ በል፤ 6-ዩኤም-60 የሚልም አለ። ቁጥሩ ያው 60 ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ባለ 6ቱ ካርቦኑ ያነሰ ስለሆነ ምት ይችላል፤ ፍተጋ ላይ ግን ባለ 10ሩን አያህልም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባለ 10ሩ ውስጥ ክሮምና ካርቦን ተጣምረው ካርባይድ የሚባሉ ጥቃቅን እህሎች ይሠራሉ። ጠጠር እንደበዛበት ኮንክሪት አስበው፤ ካርባይዱ ጠጠሩ ነው፣ ዙሪያው ያለው ብረት ሲሚንቶው ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ጥሩ የጠጠረ ብረትን እንኳ ይፍቃል። ካርባይዱን ግን መፋቅ አይችልም፤ ካርባይዱ ከሱ ይጠነክራል። ለበቆሎና ለኖራ ድንጋይ፣ በተለይ ከበቆሎው ጋር አሸዋ የሚመጣ ከሆነ፣ የገዛኸው ኤሌክትሮድ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ኤሌክትሮዱ ላይ አልነበረም። ግን ቡሎን ወይም ሚስማር ከእህሉ ጋር ከገባ ባለ 10ሩ ይፈነከታል። ደንበኛህ የወፍጮው አፍ ላይ ማግኔት እንዲያስገጥም ንገረው።

ሌላው በጣም ያሳሰበኝ ነገር ሚዛኑ ነው፤ እስካሁን ማንም አላነሳውም። ወፍጮው በደቂቃ ስንት ይዞራል? ሞተሩ በቀጥታ ከተገጠመና 2900 ከሆነ፣ መዶሻው ጫፉ ከመሃሉ 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጫፉ በሰከንድ 91 ሜትር ይበራል። በዚያ ፍጥነት ጫፍ ላይ ያለ 10 ግራም ብየዳ ወደ 28 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታል። አንዱ ጎን ላይ 10 ግራም አብልጠህ ከለበስክ፣ ኩሽኔታው በየሰከንዱ 48 ጊዜ ያን ጉተታ ይቀበላል ማለት ነው። ስለዚህ ከለበሱ በኋላ አንድ በአንድ መዝናቸው። ትይዩ የሆኑት፣ ማለትም ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ዘንጎች ላይ ያሉት እኩል መምጣት አለባቸው።

ካሉህ 23ቱ ውስጥ የተሰነጠቀውን ካልተሰነጠቀው ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግህም። ብየዳውን ካወጣህ በኋላ ነጭ ጋዝ ቀባው፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ በጨርቅ ጥርግ አድርገው። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተህ ንፋበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ የጠቆረ መስመር ያሳይሃል።

በመጨረሻ እባክህን ውጭ ላይ በይድ። ከክሮም ኤሌክትሮድ የሚወጣው ጭስ ከተራው ጭስ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስ በሙሉ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ ጽፎታል። የተክለሃይማኖት ሱቆች ጠባብ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በሩን ከፍቶ መሥራት ብቻ አይበቃም። ነፋሱን ጀርባህ ላይ አድርገው። ጭንቅላትህን ከጭሱ በላይ አታምጣው።

የተክልዬ በያጅ፦

ዘገየሁ፤ ይቅርታ። ሥራውን ጨርሼ በደንብ ሳላይ መመለስ አልፈለግኩም።

በነጭ ጋዝና በጠመኔ ፈተንኳቸው። ከ23ቱ ዘጠኙ ተሰንጥቀዋል። በዓይን አንዱም አይታይም ነበር። ጠመኔው ላይ መስመሩ ብቅ ሲል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሁሉም ቢሾፍቱ ውስጥ ሲሽከረከሩ የነበሩ ናቸው። ዘጠኙን በግራይንደር ለሁለት ለሁለት ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምባቸው ብዬ። በእነሱና በተገነጠለው ምትክ 10 አዲስ ከባሌስትራ አስቆረጥኩ፤ 24 ሞሉ።

ጋሼ፣ የገለባውን ቀለም አየሁት። እንደነገሩኝ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ድንገት ብረቱ ወርቅ ይመስላል። ከሱቁ ፊት ለፊት ከሰል አቀጣጥዬ ስሠራ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ያዩ ነበር። ሲጠይቁኝ እርስዎ ያስተማሩኝን ነበር የማስረዳቸው። ፍራሹን በ312 ጣልኩ። ማልበሻውን 110 አምፔር ላይ ሁለት ድርብ። አንዴ መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ አንድ ሰዓት ከሰሉ ላይ አቆየኋቸው። ሲያልቅ አመድ ውስጥ ቀበርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው ገና ለብ ያሉ ነበሩ። አንድም «ጣ» አልሰማሁም።

ለሚዛኑ ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ዲጂታል ሚዛናቸውን አዋሱኝ። ከትልቁ እስከ ትንሹ 34 ግራም ልዩነት ነበር። አንዱ ድርብ ላይ እጄ ከብዶ ነው። በግራይንደር እየላግኩ ትይዩዎቹን በ3 ግራም ውስጥ አመጣኋቸው። ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ደንበኛዬ ወፍጮውን ሲያስነሳ «ድምፁ ተለወጠ፤ ፊት ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ። ማግኔትም አስገጥሟል።

ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት ወርጄ አስከፍቼ አየሁ። ማዕዘኖቹ ሹል ናቸው፤ ገና አልተገለበጡም። የፀጉር ስንጥቆቹ አሉ፤ አሁን ግን አያስፈሩኝም። ለሁላችሁም እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጡረታ የወጣ በያጅ፦

ጎበዝ። የተሰነጠቁትን ቆርጠህ መጣልህ ከሁሉ በላይ ደስ አሰኝቶኛል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ማዕዘኖቹ ሁሉ ተደምረው ስድስት ሳምንት ብቻ ይኖሩ በነበረ ጊዜ ቀዳዳው ለማለቅ ጊዜ አያገኝም ነበር። አሁን ግን መዶሻው ይከርማል። ዘንጉን አውጥተህ ቀዳዳዎቹን አይተሃል? ክብ ናቸው ወይስ ሞላላ ጀምረዋል? የዘንጉስ ሆድ ተበልቷል?

የተክልዬ በያጅ፦

አላየሁም ጋሼ። ማዕዘኑን ብቻ ነው ያየሁት። ቅዳሜ ተመልሼ እወርዳለሁ፤ መለኪያዬን ይዤ።